እናንተ ትሰማላችሁ፣ እናንተን የሚሰማ ግን የለም፦ የእጅ ሬድዮ ሩቅ ያለ ሪፒተር አልከፍት ሲል ምን እናድርግ?



ባለፈው ቪዲዮ ላይ ስለ እጅ ሬድዮ ትንሽ ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ሬድዮ ገዛሁ፣ ሰው ሲያወራ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል፣ እኔ ስናገር ግን የሚመልስልኝ የለም። ተበላሽቶ ነው ወይ?» ይሄን ነገር በካሜራ ፊት ከማወራው ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ምክንያቱም ሬድዮውን በአንድ እጃችሁ፣ ስልካችሁን በሌላ እጃችሁ ይዛችሁ አንድ በአንድ እንድትሞክሩት ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ግልጽ ላድርግ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ታክሲ ነጂ ነኝ። የማውቀውን ያወቅኩት ሰው ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተሳስቼ ነው። ስህተቴም ቀላል አልነበረም።

«ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራኝ እሰማህ ነበር»

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ቨርጂኒያ ላይ የወረደውን በረዶ ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ትረሱታላችሁ ብዬ አላስብም። ኢንተርስቴት 95 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ተዘጋና በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ባሉበት ቀሩ። ከ24 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነበር። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን እንኳ 27 ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ነበሩ።

እዚያ መሃል አንድ ጓደኛዬ ነበረበት። ታክሲ አብረን የጀመርን፣ በኋላ ወደ ትራክ የተሻገረ ልጅ ነው። በ2021 መገባደጃ ላይ እኔና እሱ የጂ.ኤም.አር.ኤስ. ፈቃድ አውጥተን፣ የእጅ ሬድዮ ገዝተን፣ «ስልክ ቢጠፋ እንኳ እንገናኛለን» ተባብለን ነበር። የሱን ሬድዮ ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት የስልኩ ባትሪ አለቀ፣ የቻርጀሩ ገመድ ደግሞ ተቆርጧል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባለቤቱ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ ከ6 ሰዓት በላይ ድምፁን አልሰማችም። እኔ ቤት ሬድዮው ክፍት ነበር። ሰዎች በሪፒተሩ ላይ ስለ መንገዱ ያወራሉ። ጣልቃ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅኩና በጥሪ ምልክቱ ጠራሁት። ዝም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ጠራሁት። ዝም። እስከ ንጋት እንዲሁ ሆነ። ለባለቤቱ ምን ልበላት?

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደህና ገባ፣ ተመስገን። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝ ይሄን ነበር፦ «ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራኝ እሰማህ ነበር። ደህና ነኝ፣ ንገራት እያልኩ መለስኩልህ። አልሰማኸኝም።»

ሬድዮው ደህና ነበር፣ ሪፒተሩም ደህና ነበር። መሃል ላይ ያለው ነገር ነው ያልተስተካከለው፣ ያን ያላስተካከልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በሚቀጥለው እሁድ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ሲጸዳ ሁለታችን ከትራኩ ጋር እዚያው አካባቢ ሄደን አንድ በአንድ ሞከርን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ያን ቀን የተማርነውን ነው።

ሪፒተር ማለት ምንድነው?

ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ከጉብታው ማዶ ያለውን ዘመዱን ቢጣራ ድምፁ አያልፍለትም። ጉብታው ላይ የቆመ እረኛ ካለ ግን «እገሌን ጥራልኝ» ይለዋል፤ እረኛው ከታች ሰምቶ ወደ ማዶ ይጣራለታል። ሪፒተር ያ እረኛ ማለት ነው። ማማ ላይ ወይም ተራራ ላይ ተቀምጦ የእናንተን ደካማ ድምፅ ይሰማና በራሱ ትልቅ ድምፅ መልሶ ይናገረዋል።

አንድ ልዩነት አለ። እረኛው ሰምቶ ሲጨርስ ነው የሚጣራው፤ ሪፒተር ግን እየሰማ በዚያው ቅጽበት ይናገራል። ስለዚህ ጆሮውና አፉ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ላይ መሆን አለባቸው፣ አለበለዚያ የራሱን ድምፅ እየሰማ ይደናቆራል። እዚህ አሜሪካ በጂ.ኤም.አር.ኤስ. የሪፒተሩ አፍ 462 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ጆሮው ደግሞ 467 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ 5 ሜጋኸርዝ ነው። ለምሳሌ በ462.675 የሚናገር ሪፒተር የሚሰማው በ467.675 ነው። እንዲህ ያሉ 8 ጥንዶች አሉ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ሪፒተሩን መስማት ማለት አፉን አገኛችሁ ማለት ብቻ ነው፤ ጆሮውን ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ሁለት መንገድ አለ፣ የመምጫና የመሄጃ። መምጫው ክፍት ስለሆነ መሄጃውም ክፍት ነው ብላችሁ አታስቡ። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ እንኳ ሁለቱ መንገዶች እኩል አይደሉም። ሪፒተሩ ከከፍታ ላይ 50 ዋት ይዞ ይናገራል እንበል። የእናንተ የእጅ ሬድዮ 5 ዋት ነው። በመሃላችሁ ያለው ኮረብታና ዛፍ ለሁለታችሁም አንድ ነው፤ ጉልበታችሁ ግን 10 እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ በሪፒተሩ ዙሪያ፣ ጠርዙ ላይ፣ እናንተ እሱን የምትሰሙበት፣ እሱ ግን እናንተን የማይሰማበት ቀለበት አለ። ጓደኛዬ ያን ሌሊት የነበረው ልክ እዚያ ቀለበት ውስጥ ነው። ከሪፒተሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር።

ታክሲ ስጀምር መኪናው ውስጥ የዲስፓች ሬድዮ ነበር። ከየትም ሆነን ብንናገር ቢሮው ይሰማን ስለነበር፣ ሬድዮ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሬድዮ ኃይሉን የሚያገኘው ከመኪናው ባትሪ ነው፣ አንቴናውም ጣሪያው ላይ ቆሟል። ኪስ ውስጥ ከሚገባ ሬድዮ ያንኑ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጭራውን ስሙ

ሪፒተሩን መክፈት አለመክፈታችሁን እንዴት ታውቃላችሁ? ሰው እስኪመልስላችሁ መጠበቅ የለባችሁም። መጀመሪያ ሰው እያወራ እንዳልሆነ አዳምጡ። ከዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ የጥሪ ምልክታችሁን ተናገሩና «እየሞከርኩ ነው» ብላችሁ ልቀቁት። ብዙዎቹ ሪፒተሮች እናንተ ከለቀቃችሁ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። በሬድዮአችሁ ላይ አጭር «ሽሽ» ወይም «ቢፕ» ትሰማላችሁ። እኛ ይሄን ጭራ ነው የምንለው። ጭራ ከሰማችሁ በሩ ተከፍቷል። ወዲያው ጭጭ ካለ አልተከፈተም።

ዝም ብላችሁ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ አታድርጉ። ሪፒተሩ የሰው ንብረት ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ ያቆመው ግለሰብ አለ። ስምን ሳይናገሩ በር እያንኳኩ መሮጥ የሰፈር ልጆች ሥራ ነው።

ሁለተኛ ሬድዮ ካላችሁ ደግሞ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ራቅ ብሎ እንዲያዳምጥ አድርጉ። እናንተ እየተናገራችሁ ሳለ በሁለተኛው ሬድዮ ድምፃችሁ በሪፒተሩ በኩል ተመልሶ ከመጣ ነገሩ አለቀ። ሁለቱን ሬድዮ ግን አጠገብ ለአጠገብ አታድርጓቸው። የቅርቡ ድምፅ ሌላውን ያደነቁረዋል፣ የውሸት ውጤትም ይሰጣችኋል።

አንድ ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁሉን ባንድ ጊዜ ነካክቶ ቢሠራ እንኳ የቱ እንደሠራ አታውቁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ደግሞ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምራችሁ ወደሚያስወጣው ሂዱ።

1ኛ፦ ቻናሉ ትክክለኛው ነው ወይ?

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። ለጓደኛዬ «ቻናል 20 ላይ አድርገው» ብዬው ነበር። ቻናል 20 ላይ 462.675 ይሰማል፣ ትክክል ነው፤ የሪፒተሩ አፍ ነው። ሲናገርም ግን የሚናገረው በዚያው በ462.675 ነበር። የሪፒተሩ ጆሮ ደግሞ 467.675 ላይ ነው ያለው። ለእረኛው አፍ እየተናገረ ነበር ማለት ነው፤ ጆሮው በሌላ በኩል ነው። 5 ዋት ቢሆን 500 ዋት ቢሆን ያ ሪፒተር ሊሰማው አይችልም ነበር።

ብዙ የጂ.ኤም.አር.ኤስ. ሬድዮዎች ከ15 እስከ 22 ያሉትን ቻናሎች ሁለት ጊዜ ነው የሚይዟቸው። አንዱ ቀጥታ ለመነጋገር፣ ሁለተኛው ለሪፒተር። የሪፒተሩ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ በፊት «አርፒ» የሚል ምልክት አለው፤ ወይም ከ23 እስከ 30 ባለው ቁጥር ይመጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ462 ወደ 467 ይቀየራል። ስክሪኑ ፍሪኩዌንሲ የማያሳይ ከሆነ ከመመሪያው ላይ ተመልከቱ።

ከሱፐርማርኬት በጥንድ የምትገዟቸው፣ አንቴናቸው የማይፈታ ትንንሽ ሬድዮዎች ግን ለሪፒተር አልተሠሩም። እነሱ ላይ ብትደክሙ ትርፉ ድካም ነው። ለልጆችና ለሽርሽር ጥሩ ናቸው።

2ኛ፦ ቶኑ ገብቷል ወይ?

አብዛኛው ሪፒተር በሩ ላይ ዘበኛ አለው። ዘበኛው የሚከፍተው በተስማሙበት መንገድ ለሚያንኳኳ ብቻ ነው። ያ ማንኳኳት ቶን ይባላል። እናንተ ስትናገሩ ከድምፃችሁ ሥር የሚሄድ፣ ሰው በስፒከር የማይሰማው ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። በ67 እና በ254.1 ኸርዝ መካከል ያለ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 141.3። ቁጥሩን ከሪፒተሩ ባለቤት ታገኛላችሁ፤ ፈቃዱንም አብራችሁ ጠይቁ።

እዚህ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ቶን ሁለት ቦታ ነው የሚገባው፦ የመናገሪያና የመስሚያ። ለሪፒተሩ የሚያስፈልገው የመናገሪያው ነው። ስትሞክሩ የመስሚያውን አጥፉት፤ እሱ ከተሳሳተ ሪፒተሩ ተከፍቶም ሬድዮአችሁ ዝም ይላችኋልና በከንቱ ትደክማላችሁ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሬድዮዎች በኸርዝ ፈንታ «ኮድ 1፣ ኮድ 2» እያሉ ይጽፋሉ። የአንዱ ፋብሪካ ኮድ ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁልጊዜ በኸርዝ አመሳክሩት። ሦስተኛ፣ ቶን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በኸርዝ፣ ሌላው ዲጂታል ኮድ። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባችሁት ዘበኛው አያውቃችሁም።

3ኛ፦ ኃይሉና ባትሪው

ሬድዮው «ሎው» ላይ ተቀምጦ ይሆን? ባትሪ ለመቆጠብ ብለን ዝቅ አድርገነው እንረሳዋለን። ወደ «ሃይ» መልሱት። ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ለመስማት ትንሽ ኃይል ይበቃል፤ ለመናገር ግን ብዙ ነው የሚስበው። የደከመ ባትሪ ያለው ሬድዮ ቀኑን ሙሉ እየሰማ ይውልና ቁልፉ ሲጫን ይወድቃል።

እግረ መንገዳችሁን «ዋይድ» እና «ናሮው» የሚለውንም እዩ። ሪፒተሩ ዋይድ ሆኖ የእናንተ ናሮው ከሆነ ይከፈትላችኋል፣ ግን ድምፃችሁ እንደ ሹክሹክታ ይሆንባቸዋል።

4ኛ፦ የቆማችሁበት ቦታ

ያን እሁድ ቻናሉንም ቶኑንም አስተካክለን ጓደኛዬ ትራኩ ውስጥ ሆኖ ሞከረ። ጭራ የለም። ውጣ አልኩት። ከትራኩ ወርዶ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሲናገር ጭራው መጣ፣ ድምፁ ግን ይቆራረጥ ነበር። ሬድዮውን ከራሱ ከፍ አድርጎ፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጎ ሲይዘው ሌላ ሰው «ትሰማለህ፣ ቀጥል» አለው። በዚያች ቅጽበት ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ሌሊት ይቺን ብናውቅ ኖሮ ብለን ነው።

መኪና ማለት የብረት ሳጥን ነው። መኪና ውስጥ የምታወሩ ከሆነ ቢያንስ ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ ከተቻለ ውጡ። ቤት ውስጥም ምድር ቤትን ተዉት፤ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ሪፒተሩ ወዳለበት አቅጣጫ ወደሚያየው መስኮት ሂዱ።

የከፍታን ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። በሜዳ ላይ የሬድዮ አድማስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ለማወቅ የከፍታችሁን ሜትር ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ በ4.1 አባዙት። በእጃችሁ 1.5 ሜትር ላይ ከያዛችሁት 5 ኪሎ ሜትር ነው። 100 ሜትር ላይ ያለ ሪፒተር 41 ኪሎ ሜትር ያያል። ሁለቱ ሲደመሩ 46 ይሆናሉ። እናንተ 10 ሜትር ከፍ ካላችሁ የእናንተ 5 ወደ 13 ያድጋል፤ ድምሩ 54 ይሆናል። ይሄ ኮረብታና ሕንፃ ሳይቆጠር ነው፤ እውነተኛው መንገድ ከዚህ ያነሰ ነው። ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ደረጃ መውጣት በነጻ ነው፣ ከብዙ ዋትም ይበልጣል።

ሌላ የሚገርም ነገር፦ አንዳንዴ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ማለት ብቻ ይበቃል። በዚህ ፍሪኩዌንሲ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሕንፃና ከመኪና ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ሲጋጭ አንዱ ቦታ ይጠፋፋሉ፣ ግማሽ እርምጃ አለፍ ሲሉ ይደጋገፋሉ። ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ ኤፍ.ኤም. ሬድዮ ሲንኮሻኮሽባችሁ መኪናውን ትንሽ ወደፊት ስታስጠጉት ይጠራ የለ? እሱ ነው።

አንቴናውን አታጋድሙት። የሪፒተሩ አንቴና ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ የእናንተም ቀጥ ይበል። ቀበቶ ላይ አንጠልጥላችሁ በማይክ ብቻ አትናገሩ፤ ሰውነታችሁ ኃይሉን ይውጠዋል።

5ኛ፦ አንቴናው

እስካሁን ሳንቲም አላወጣችሁም። አሁን ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ መጀመሪያ አንቴና ላይ አውጡት እንጂ «8 ዋት»፣ «10 ዋት» ተብሎ የሚተዋወቅ ሌላ ሬድዮ ላይ አይደለም። እኔ ገዝቼ ነው የምነግራችሁ። ከ5 ወደ 10 ዋት ብትሄዱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ያግዛችሁ ይሆናል። ክፍት በሆነ ቦታ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ጥሩ አንቴና ግን ስትናገሩም ስትሰሙም ይረዳችኋል።

ለመኪና ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የማግኔት አንቴና ግዙ። የትራክ ነጂዎች ግን ልብ በሉ፤ የብዙ ትራኮች ጣሪያ ፋይበር ወይም አልሙኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዝም። እኛ መስታወቱን በሚይዘው ብረት ላይ በክላምፕ ነው ያሰርነው። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ 5 ዋት ይዞ ያንኑ ሪፒተር ያለ ችግር ከፈተ።

ኬብሉ አይርዘም። ቀጭን ኬብል በዚህ ፍሪኩዌንሲ ኃይል ይበላል፤ 5 ሜትር የተለመደ ቀጭን ኬብል ኃይላችሁን ሲሶ ያህል ይወስደዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የሬድዮአችሁ መገጣጠሚያ ወንዴ ይሁን ሴቴ እዩ፤ ፋብሪካዎቹ አይመሳሰሉም። አንቴናው ለዚህ ፍሪኩዌንሲ የተሠራ ይሁን። ደግሞ አንቴናው ተፈትቶ ሳለ የመናገሪያውን ቁልፍ በፍጹም አትጫኑ፤ ሬድዮው ሊቃጠል ይችላል።

6ኛ፦ ምናልባት ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል

ሪፒተርም ይበላሻል። ቶኑ ተቀይሮ ይሆናል። መብራት ጠፍቶበት ይሆናል። መብረቅ አንቴናውን መትቶት ጆሮው ደክሞ አፉ ደህና የሆነ ሪፒተርም አለ። ቀድሞ ይከፈትላችሁ የነበረ ሪፒተር ድንገት እምቢ ካለ ሬድዮአችሁን ከመፍታታችሁ በፊት ሌላ ተጠቃሚ ጠይቁ።

ባጭሩ ምልክቱን እዩና ፍረዱ

ትሰማላችሁ፣ ስትለቁት ጭራ የለም፣ ሪፒተሩ ሥር ብትሆኑም የለም ከሆነ ቻናሉ ወይም ቶኑ ነው። ቦታ አትቀይሩ፣ ማስተካከያውን እዩ።

ቅርብ ስትሆኑ ጭራ አለ፣ ስትርቁ የለም ከሆነ ማስተካከያው ደህና ነው። ችግሩ ቦታ፣ አንቴና ወይም ርቀት ነው።

ጭራ አለ፣ ግን «ትቆራረጣለህ» ካሏችሁ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ከፍ በሉ፣ ፈቀቅ በሉ፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጉ፣ አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ።

ሰዎች ይሰሟችኋል፣ እናንተ ግን እነሱን አትሰሙም ከሆነ የመስሚያ ቶናችሁ ወይም ስኩዌልቹ ነው።

ቁልፉን ስትጫኑ ሬድዮው ይጠፋል ከሆነ ባትሪው ነው።

ስለ ፈቃድ ጉዳይ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ለጂ.ኤም.አር.ኤስ. የኤፍ.ሲ.ሲ. ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈተና የለውም። እኛ ስናወጣ 70 ዶላር ነበር፤ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ 35 ዶላር ሆኗል። ለ10 ዓመት ያገለግላል፣ የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችን፣ ወላጆችን፣ ወንድምና እህትን ይጨምራል። ጓደኛ ግን የራሱን ማውጣት አለበት።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ፒ.ኤም.አር. 446 የሚባለው ኃይሉ ግማሽ ዋት ነው፣ ለሪፒተርም አይሆንም። ሪፒተር ከፈለጋችሁ ተፈትናችሁ የአማተር ሬድዮ ፈቃድ ነው የምታወጡት። በአፍና በጆሮ መካከል ያለው ልዩነትም ከአገር አገር ይለያያል፤ ጀርመን በ70 ሴንቲ ሜትር ባንድ ላይ 7.6 ሜጋኸርዝ ነው። የአገራችሁን ጠይቁ።

ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እዚያ ያለ ፈቃድ ሬድዮ መያዝ ጣጣ ያመጣል፤ ሳታጣሩ አትግዙ። ወደ ኢትዮጵያም «ለዘመድ ልውሰድ» ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። የሬድዮ ፈቃድ ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚመለከተው፤ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይያዝባችኋል።

መውጫ

ሬድዮ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ እሳት ማጥፊያ ገዝቶ ፒኑ እንዴት እንደሚነቀል እንዳለማወቅ ነው። ጁን 2012 ላይ ያ ከባድ የንፋስ ማዕበል ዲሲ አካባቢን ሲመታ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 911 እንኳ የማይሠራበት ሰፈር ነበር። ስለዚህ «ስልክ አለኝ» ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ «ሬድዮ አለኝ» ብሎ መቀመጥም አይበቃም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ሬድዮውን አውጡ፣ ቻርጅ አድርጉ፣ የምትሠሩበት መንገድና የምትኖሩበት ቤት ላይ ሆናችሁ ጭራውን ሞክሩ። የት እንደሚከፈት፣ የት እንደማይከፈት ወረቀት ላይ ጻፉ። ለባለቤታችሁም አሳዩ። ለሌላ ሰው ሬድዮ ካስተካከላችሁለት ደግሞ «ተሠርቷል» ብላችሁ አትስጡት፤ እሱ ራሱ በእጁ ይዞ፣ እዚያው በሚሄድበት መንገድ ላይ ሆኖ ሲናገር እስክትሰሙት ድረስ አልተሠራም። እኔ ይሄን የተማርኩት አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ በስልክ እየሰማሁ ነው።

ያልገባችሁ ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ የሬድዮውን ዓይነትና ጭራ መኖር አለመኖሩን ንገሩኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አብረን እናያለን። ትራክና ታክሲ ለሚነዱ ወገኖቻችን አድርሱልኝ።

መንገዱን ሰላም ያድርግልን። ቸር ያሰማን።